ስለ ሕፃናት ቍጥርና ስለ ትምህርት ቤት ስፍራ

አንድ አጥቢያ ኢዮቤልዩውን ሲያከብር አስቀድሞ የሚቈጠረው ዓመቱ ነው። ከዓመቱ ቀጥሎ የታነጸው ሕንፃ፣ ያገለገሉት ካህናትና የረዱት ምእመናን ስማቸው ይነሣል፤ ይህም የተገባ ነው። ዳሩ ግን በየአጥቢያው ሳይቋረጥ ሲቈጠር የኖረ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የሕፃናት ቍጥር ነው። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ለክርስትና ሲመጡ፣ በዚያ ዓመት በአጥቢያው ስንት ልጅ እንደ ተወለደ ካህናቱ ከማንም ቀድመው ያውቃሉ።

ዛሬ በክንድ ታቅፎ የመጣው ሕፃን ከ7 ዓመት በኋላ በእግሩ ሄዶ ከትምህርት ቤት ደጅ ይቆማል። ይህ የ7 ዓመት ጊዜ ለወላጅም ለመንግሥትም የመሰናዶ ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ መሬቱ ካልተለየ፣ ቤቱ ካልተሠራ፣ መምህሩም ካልሠለጠነ፣ ልጁ በድንገት የመጣ እንግዳ ይመስላል፤ ሆኖም መምጣቱ አስቀድሞ ታውቆ ነበር። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ያለው የኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ሲመረመር፣ ልጆች ይማሩ የሚለው ፈቃድ በየዘመኑ ነበረ፤ ጐድሎ የተገኘው ግን የሚማሩት ልጆች ስንት እንደ ሆኑና የት እንደሚኖሩ አስቀድሞ አውቆ ስፍራ ማዘጋጀት ነው። ይህ ጽሑፍ የዚህን ነገር ታሪክ በአጭሩ ይተርካል።

1ኛ፤ የቀድሞው ሥርዓት

በቀድሞው ሥርዓት ትምህርት ቤት ማለት መምህሩ ነበር። መምህሩ ባለበት በዛፍ ጥላ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም በጎጆው ደጅ ልጆች ይሰበሰቡና ፊደል ይቈጥራሉ። ከፊደልና ከአቡጊዳ ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስን ያነባሉ፤ በመጨረሻም ዳዊት ይደግማሉ። ዳዊት የደገመ ልጅ የንባብ ቤቱን ጨርሷል ተብሎ ለወላጆቹ ደስታ ይሆናል። ከዚህ በላይ መማር የሚሻ ግን አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ከአገሩ ይወጣል። ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለቅኔ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ፣ ለትርጓሜ ወደ ጎንደር ይሄድ ነበር።

ይህ ሥርዓት ስፍራን የሚለካበት የራሱ መለኪያ ነበረው። መለኪያውም የመምህሩ ድምፅና የመንደሩ እንጀራ ነው። ቀድሞ የገባው ተማሪ ኋላ የመጣውን ስለሚያስቀጽል አንድ መምህር ብዙ ልጅ ሊይዝ ይችላል፤ ቆሎ ተማሪውንም የሚመግበው በየደጁ የሚለምነው እህል ነው። ስለዚህ ቤት ጠበበ፣ ወንበር ጐደለ የሚባል ነገር እምብዛም አይሰማም ነበር። ልጁ መምህሩን ፍለጋ ይሄዳል እንጂ ትምህርት ቤቱ ልጁ ወዳለበት አይመጣም።

ይህ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት አገሪቱን ጸሓፊና ሊቅ አላሳጣትም። ሆኖም ከደጅ የቀሩትን መቍጠር የሥርዓቱ ተግባር አልነበረም። የብዙ ገበሬ ልጆች ከብት በመጠበቅ ላይ ቀሩ፤ ሴቶች ልጆች ከጥቂቶች በቀር ከንባብ ቤቱ አልገቡም። የእስላሙ ልጅ በበኩሉ ቍርኣን ቤት ነበረው፤ ከሁለቱም ወገን ያልሆነው ሕዝብ ልጅ ግን የጽሕፈት ትምህርት የሚያገኝበት ስፍራ አልነበረውም። የመጣውን ሁሉ የሚቀበል ትምህርት ቤት ያልመጣውን ማን እንደ ሆነ አይጠይቅም። ይህ ልማድ ወደ አዲሱም ትምህርት ቤት ተሻገረ።

2ኛ፤ አዋጁና ወንበሩ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ዕድሜው ከ6 ዓመት ያለፈ ልጅ፣ ወንድም ሴትም፣ ወደ ትምህርት ቤት እንዲሄድ የሚያዝዝ አዋጅ ተነግሮ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ግድምም በአዲስ አበባ በንጉሠ ነገሥቱ ስም የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ፤ ትምህርቱም የውጭ አገር ቋንቋዎችን፣ አማርኛን፣ ግእዝንና ሒሳብን ያጠቃልል ነበር። አዋጁ ለአገሩ ልጅ ሁሉ ነበር፤ ወንበሩ ግን ለጥቂቶች ብቻ ሆነ፤ ከተቀመጡትም ብዙዎቹ የመኳንንት ልጆች ነበሩ። ይህ ሲባል የንጉሠ ነገሥቱን በጎ ሐሳብ ለማሳነስ አይደለም፤ መጀመሪያ የሚከፈት ደጅ ጠባብ መሆኑ አይቀርምና። ነገር ግን በአዋጁና በወንበሩ መካከል የነበረው ርቀት ኋላ ለመጣው ዘመን ሁሉ ምሳሌ ሆኖ ቀረ።

በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። አልጋ ወራሹ የራሳቸውን ገንዘብ አውጥተው ያቋቋሙት ነበር። በ1920ዎቹ ዓመታትም የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ በአንዳንድ የጠቅላይ ግዛት ከተሞችም እንዲሁ ተደረገ። የሴቶች ትምህርት ቤት መከፈቱ ታላቅ ነገር ነበር፤ በየአጥቢያው ከወንዶቹ ጋራ እኩል ክርስትና ይነሡ የነበሩት ሴቶች ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ በመንግሥት ዘንድ የራሳቸው ወንበር ተዘረጋላቸው። ይሁን እንጂ በዚያን ዘመን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የነበሩት ተማሮች በሙሉ ቢደመሩ ከጥቂት ሺህ አይበልጡም ነበር።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አገሩን በያዘ ጊዜ ይህ ጅምር ተሰበረ። ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ ወይም ለወራሪው ጕዳይ ዋሉ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከተነሣው እልቂት በኋላም የተማሩት ወጣቶች እየታደኑ ተገደሉ። በዚህም አገሪቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ልጆቿን ያስተምሩላት ዘንድ ያዘጋጀቻቸውን ሰዎች አጣች። ቤት በአንድ ክረምትና በጋ ሊሠራ ይችላል፤ መምህር ግን እስኪደርስ ከ10 ዓመት የማያንስ ጊዜ ይፈልጋል። ከነጻነት በኋላ የታየው የስፍራ ጥበት ከፊሉ የዚህ እልቂት ጠባሳ ነው።

3ኛ፤ ከነጻነት በኋላ

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ የወላጆች ጕጕት ከተጠበቀው በላይ ሆነ። በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ ተቋቋመ፤ በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ተከፈተ። በ1940 ዓ.ም. ደግሞ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ። ይህ ግብር ልዩ መልክ ነበረው፤ ገንዘቡ በየአውራጃው ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል የታሰበ ስለ ሆነ፣ ባላገሩ የከፈለው ለራሱ ልጅ እንደ ሆነ ሊያምን ይችል ነበር። ሆኖም ትምህርት ቤቱ በብዙ ስፍራ በከተማ ሲሠራ ግብሩ ከገጠር ይሰበሰብ ነበርና፣ ከፋዩና ተጠቃሚው ሳይገናኙ የቀሩበት አገር ብዙ ነው።

በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ በአዲስ አበባ ተደረገ። ጉባኤውን የጠሩት ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ነበሩ። ተሰብሳቢዎቹ በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ፣ ማለት በፈረንጆች አቈጣጠር እስከ 1980፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍሪካ ለሁሉ የሚደርስ፣ ግዴታና ያለ ክፍያ እንዲሆን ወሰኑ። በጉባኤው ላይ የአገሮቹ የተማሪ ቍጥር ጎን ለጎን ሲቀርብ ግን የጉባኤው አስተናጋጅ ኢትዮጵያ ከኋለኞቹ መካከል ተገኘች። ረዥም የጽሕፈት ታሪክ ያላት አገር ገና በቅርብ ነጻ ከወጡት ወደ ኋላ ቀርታ መታየቷ ብዙዎችን አሳዘነ። የዚህ ኀዘን ጥቅሙ የትምህርት ጕዳይ ከዚያ ወዲህ በቍጥር መነገር መጀመሩ ነው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሚሠራ ልዩ ክፍል ተቋቋመ። አሠራሩ ሊታወስ የሚገባው ነው። ሕንፃው በአንድ ዓይነት ፕላን፣ በቀላል ዋጋ ይሠራል፤ የአገሩ ሕዝብም ከወጪው ድርሻውን በገንዘብ ያዋጣል። ትምህርት ቤት የሚሻ መንደር ገንዘቡን ሰብስቦ ስለሚያመለክት፣ ማመልከቻው ራሱ የፍላጎት ቈጠራ ሆነ። ጉድለቱም ከዚሁ ተወለደ፤ ማዋጣት የሚችለው መንደር ቀድሞ አገኘ፤ ድኻው መንደር ልጆቹ ቢበዙም ተራውን ጠበቀ።

በ1964 ዓ.ም. ሴክተር ሪቪው ተብሎ የሚታወቀው ታላቅ ጥናት ተጠናቀቀ። ጥናቱ የሕዝቡን ብዛትና የመንግሥቱን ገንዘብ አመዛዝኖ፣ ለብዙኃኑ ልጆች አጭር የ4 ዓመት ትምህርት ይዳረስ፣ ከዚያ በላይ ያለው በልክ ይሁን የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከሒሳብ አንጻር ሐሳቡ መሠረት ነበረው፤ በዚያን ጊዜ ከነበረው ሕፃን ብዙው ምንም ትምህርት አያገኝም ነበርና። ዳሩ ግን ነገሩ በምስጢር ተይዞ ቈየ። ወሬው ሲሰማ ወላጆች፣ መምህራንና ተማሮች የድኻ ልጅ ከ4ኛ ክፍል እንዲቆም ተፈረደበት ብለው ተረዱት። በየካቲት ወር 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ዕቅዱን አንሥቶ አዘገየው። ያ ወር የአብዮቱ መጀመሪያ ወር ሆነ። ልጆቹን የቈጠረ፣ ወላጆቻቸውን ግን ያልጠየቀ ዕቅድ ፍጻሜው ይህ ነበር።

4ኛ፤ የግማሽ ቀን ትምህርት

በ1966 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ በአንደኛ ደረጃ የነበሩት ተማሮች 1 ሚሊዮን አይሞሉም ነበር። በደርግ ዘመን ትምህርት ቤቶች በገጠር በርካታ ሆኑ፤ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ ጐልማሶችና አረጋውያን ፊደል ቈጠሩ። ነገር ግን በዘመኑ መጨረሻ ጦርነቱ ብዙ ስፍራ አዘጋ። በ1986 ዓ.ም. አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲወጣ የተማሮቹ ቍጥር ወደ 3 ሚሊዮን ቢጠጋ ነው። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ የትምህርት ልማት ፕሮግራሞች ተሠራና፣ በ2007 ዓ.ም. በአንደኛ ደረጃ የተመዘገቡት ከ18 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። በ20 ዓመት ጊዜ ይህን ያህል ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ያስገባ አገር በዓለም ብዙ የለም።

ይህ ታላቅ ሥራ ዋጋውን ሳያስከፍል አልቀረም። የትምህርት ቤት ክፍያ በቀረ ጊዜ የመጡት የ7 ዓመት ልጆች ብቻ አልነበሩም። የ9፣ የ10፣ የ12 ዓመት ልጆችም አብረው መጥተው 1ኛ ክፍል ተቀመጡ። ስለዚህ በአንድ ዓመት የበርካታ ዓመት ልደት ባንድ ደጅ ገባ። ይህ ጐርፍ በ1ኛ ክፍል አይቀርም፤ በሚቀጥለው ዓመት 2ኛን፣ ከዚያ 3ኛን እያጥለቀለቀ ይወጣል። ከ8 ዓመት በኋላ ከሁለተኛ ደረጃ ደጅ ይደርሳል። ለ1ኛ ክፍል ቤት የሠራ ወረዳ ሥራዬን ፈጸምሁ ብሎ ቢቀመጥ፣ ጐርፉ በላይኛው ክፍል ያገኘዋል።

የስፍራ ጥበት ሲበረታ የተገኘው መፍትሔ ፈረቃ ነበር። ግማሾቹ ልጆች በጧት፣ ግማሾቹ ከሰዓት በኋላ ይማራሉ። በፈረቃ አንዱ ክፍል የሁለት ክፍል ሥራ ይሠራልና ብዙ ሺህ ልጆች ከደጅ ከመቅረት ድነዋል። ይሁን እንጂ ልጁ ያገኘው ሙሉ ቀን ሳይሆን ግማሽ ቀን ነው። ወላጆቹ ለሥራ በወጡበት ሰዓት በሰፈር የሚውለው ልጅ የሚጠብቀው የለም፤ መምህሩም ሁለቱንም ፈረቃ ከያዘ ደብተር የሚያርምበት ጊዜ ያጣል። ለጊዜው ተብሎ የተጀመረው ፈረቃ በብዙ ከተማ ልማድ ሆኖ ቀረ። ልማድ ሲሆን ደግሞ ጐደለ የሚባለው ክፍል ከሒሳቡ ይጠፋል፤ በመዝገቡ ላይ ልጆቹ ሁሉ ስፍራ አግኝተዋልና።

በ2003 ዓ.ም. ግድም ከ1ኛ ክፍል በፊት ያለው የአንድ ዓመት መሰናዶ፣ ኦ ክፍል የተባለው፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጀመረ። ቀድሞ ይህን ሥራ በየአጥቢያው የሚሠራው የቄስ ትምህርት ቤት ነበር። ልጁ ፊደሉን ከየኔታ ቈጥሮ ስለሚመጣ 1ኛ ክፍል አይከብደውም። አዲሱ መሰናዶ የየኔታን ደጅ ላላዩት ልጆች ሁሉ መድረሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን እርሱም ክፍልና መምህር ይሻልና፣ አስቀድሞ ያልታሰበለት ትምህርት ቤት ከ1ኛ ክፍል ቤት ቀንሶ መስጠት ግድ ሆነበት።

5ኛ፤ የመቍጠር ጥበብ

የትምህርት ቤትን ስፍራ አስቀድሞ ማወቅ የረቀቀ ነገር አይደለም። ለምሳሌ በአንድ ሰፈር በየዓመቱ 300 ልጆች ይወለዳሉ እንበል። ለአንደኛ ደረጃ የተወሰነው ልክ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ስለ ሆነ፣ ለእነዚህ ልጆች በ1ኛ ክፍል ብቻ 6 ቤት ያስፈልጋል። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉት 36 ቤት ይሆናል ማለት ነው። በፈረቃ ቢሆን 18 ቤት ይበቃል፤ 18ቱ ቤት ግን ሌላ 18 ቤት እንደ ጐደለ ሳይሸሽግ ሊጻፍ ይገባዋል። የሚወለዱት ልጆች በየዓመቱ ከመቶ 3 እየጨመሩ ቢሄዱ፣ 300 የነበረው ልደት ከ6 ዓመት በኋላ ወደ 358 ይደርሳል፤ 6 የነበረውም ቤት 8 መሆን አለበት።

በዚህ ላይ የሚቀነስና የሚደመር አለ። ሳያድጉ የሚያርፉና ከሰፈሩ የሚሄዱ ልጆች ይቀነሳሉ፤ ከሌላ አገር የሚመጡ ይደመራሉ። ክፍል የሚደግሙትም መቈጠር አለባቸው። ከመቶ 10 ልጆች 1ኛ ክፍልን ቢደግሙ፣ ለሚመጣው ዓመት ከአዲሶቹ 300 ጋራ ሌሎች 30 ልጆች ያን ወንበር ይሻሉ። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ብዛት የተነሣ ያልገባው ልጅ ሲደግም፣ ክፍሉን እንደገና ያበዛዋል። የጥበት መንሥኤና የጥበት ፍሬ እንዲህ እየተመጋገቡ ይኖራሉ።

ሒሳቡ ቀላል ሳለ አስቸጋሪ ያደረገው የመነሻው ቍጥር ነው። ኢትዮጵያ ሕዝቧን በሙሉ የቈጠረችው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ቈጠራዎች የአዲስ አበባ ሕዝብ በመጀመሪያ 1.4 ሚሊዮን፣ ቀጥሎ 2.1 ሚሊዮን፣ በመጨረሻም 2.7 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የታሰበው ቈጠራ ጊዜው ተላለፈ፤ በ2011 ዓ.ም. ይደረጋል የተባለውም በአገሩ ጸጥታ ምክንያት ቀረ። በ1999 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በ2014 ዓ.ም. 15 ዓመት ሞልቶት ወደ 9ኛ ክፍል የሚገባ ነበር። እንግዲህ ከእርሱ በኋላ የተወለዱት የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ ልጆች ሁሉ በየትኛውም ቈጠራ ያልተጻፉ፣ በግምት ብቻ የሚታወቁ ናቸው።

ልደትን በየዕለቱ የመመዝገብ ነገርም እንዲሁ ዘግይቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት መዝገብ እንዲኖር ደንግጎ ነበር፤ ሥራ ላይ መዋሉ ግን ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ስለ ወሳኝ ኵነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባለፉት ከ50 በሚበልጡ ዓመታት ብዙ ሰው ዕድሜውን ማስረዳት ሲፈልግ የሚሄደው ክርስትና ወደ ተነሣበት አጥቢያ ነበር። መንግሥት ገና ያልጻፈውን ካህኑ ጽፎት ይገኝ ነበርና።

6ኛ፤ ሰፈር ሲሰፋና ሲፈልስ

ልጅ የሚበዛው በልደት ብቻ አይደለም፤ በመፍለስም ነው። ከ1997 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በአዲስ አበባ ዳርቻ የኮንዶሚኒየም ቤቶች በብዛት ተሠሩ። በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳና በኮዬ ፈጬ እርሻ በነበረው መሬት ላይ ብዙ ሺህ ቤተሰብ ገባ። እንዲህ ባለው ሰፈር ሕዝቡ የሚገባው በጥቂት ወራት ነው፤ ዕጣ የወጣለት፣ ቤት የተከራየ፣ አዲስ ያገባ ሁሉ ባንድነት ይመጣል። ብዙዎቹ ወጣት ባልና ሚስት ስለሚሆኑ ልጆቻቸውም በአንድ ዘመን ይወለዳሉ፤ በአንድ ዘመን 1ኛ ክፍልን፣ በአንድ ዘመን ሁለተኛ ደረጃን ይሻሉ። የእንደዚህ ያለ ሰፈር ትምህርት ቤት ከቤቶቹ ጋራ ካልታቀደ በኋላ መሬት አይገኝለትም፤ ባዶ የቀረው ስፍራ ሁሉ ለመኪና ማቆሚያ፣ ለሱቅና ለሌላ ሕንፃ ውሎ ይገኛልና።

ቀድሞ የነበሩት ሰፈሮች ደግሞ በተቃራኒው ይቀላሉ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት በአዲስ አበባ ሲጀመር፣ ከፒያሳና ከአካባቢው ብዙ ቤተሰቦች ወደ ከተማው ዳር ተዛወሩ። ጊዜው የትምህርት ዓመቱ ገና ያላለቀበት ነበር። ቤተሰብ ሲዛወር ዕቃው በአንድ ቀን ይጫናል፤ የልጁ ትምህርት ግን በአንድ ቀን አይጫንም። አንዱ ትምህርት ቤት ወንበሩ ሲተርፍ ሌላው ይጠብበዋል፤ የከተማው ጠቅላላ ሒሳብ ግን የተስተካከለ መስሎ ይታያል። የትምህርት ስፍራ በከተማ ሳይሆን በሰፈር መቈጠር የሚገባው ስለዚህ ነው። የ7 ዓመት ልጅ በእግሩ የሚሄደው ርቀት አጭር ነው፤ ከዚያ በላይ ራቅ ያለ ወንበር ለእርሱ እንደሌለ ይቈጠራል። ይልቁንም ለሴት ልጅ ርቀቱ የበለጠ ይከብዳል፤ መንገዱ ያሰጋው ወላጅ አስቀድሞ የሚያስቀራት እርሷን ነውና።

የትምህርት ደረጃው ሲለወጥም የቤቱ ሒሳብ ይለወጣል። በ1986 ዓ.ም. በወጣው ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ 8 ዓመት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ግድም ወደ ቀድሞው አከፋፈል ተመልሶ 6 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 2 ዓመት መካከለኛ፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ሆነ። ልጁ ያው ልጅ ሲሆን የሚገባበት ቤት፣ የሚያስተምረው መምህርና የሚጠቀምበት መሣሪያ ይለያያል።

7ኛ፤ የአጥቢያ ድርሻ

ትምህርት ቤት መሥራት የመንግሥት ተግባር ነው፤ ልጅን ማወቅ ግን ለቅርብ ሰው ይቀልላል። አንድ አጥቢያ የክርስትና መዝገቡን በሚገባ ቢይዝ፣ የልደቱን ቀን፣ የወላጆቹን ሰፈር፣ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን አስተካክሎ ቢጽፍ፣ በየዓመቱ መጨረሻ የልጆቹን ድምር ብቻ ለወረዳው ቢያስታውቅ፣ ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ታላቅ ነው። ስም ማውጣት አያስፈልግም፤ የሚፈለገው ቍጥሩ ነውና።

ነገር ግን የአጥቢያው መዝገብ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አይዝም። በአንድ ግቢ ከክርስቲያኑ ጋራ የሚኖረው የእስላሙ ልጅ፣ የሌላው ሃይማኖት ልጅ፣ ከሩቅ አገር መጥቶ ገና ቤተ ክርስቲያኑን ያልለመደው ቤተሰብ ልጅ በመዝገቡ የሉም። እነርሱም ያንኑ ወንበር የሚሹ ናቸው። እነዚህን ሁሉ የሚያውቅ ሌላ ማኅበር በየሰፈሩ አለ፤ እርሱም ዕድር ነው። የዕድር ዳኛና ጸሓፊ በየቤቱ ስንት ሰው እንዳለ ያውቃሉ፤ ማን እንደ ወለደ፣ ማን እንደ ተዛወረ አይሰወራቸውም። የአጥቢያው መዝገብና የዕድሩ መዝገብ ጎን ለጎን ቢታዩ የሰፈሩ ሕፃናት ቍጥር ከየትኛውም ግምት ይልቅ እውነተኛ ሆኖ ይገኛል። የ1966ቱም ታሪክ እንዳስተማረው፣ በዚህ መንገድ የሚቈጥሩት ወላጆቹ ራሳቸው ስለ ሆኑ ዕቅዱ ከእነርሱ የተሰወረ አይሆንም።

በዚህ በኢዮቤልዩ ዓመት ክርስትና የተነሣ ሕፃን ከ7 ዓመት በኋላ ወደ 1ኛ ክፍል ይገባል። ከ13 ዓመት በኋላ 7ኛ ክፍል፣ ከ15 ዓመት በኋላ 9ኛ ክፍል ይደርሳል። ለ1ኛ ክፍሉ የሚያስፈልገው መሬት ዛሬ ሊለይ ይገባዋል፤ የ9ኛ ክፍል መምህሩ ዛሬ ራሱ በትምህርት ላይ ያለ ልጅ ነው። የአጥቢያው ሰዎች የዘንድሮውን መዝገብ ሲዘጉ ከመጨረሻው ስም በታች ድምሩን ቢጽፉ፣ ከድምሩም ጎን ልጆቹ 7 ዓመት የሚሞላቸውን ዓመተ ምሕረት ቢያስቀምጡ፣ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ፕላን ሠሩ ማለት ነው።